ሦስት ዘፈን ተኩል

የሀኒ የሬዲዮ ፕሮግራም ደንቡ ቀላል ነው። እንግዳው የሚወዳቸውን አምስት ዘፈኖች መርጦ ይመጣል፤ በዘፈኖቹ መሀል ሕይወቱን ያወጋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ተመስግኖ ይሄዳል። ሀኒ በሥራ ቀን የአንድ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ስትጽፍ የምትውል ልጅ ናት። እሑድ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ጁባ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ጆሮውን ለእሷ ይሰጣል። ካስተም ገበያ ያሉ ሱቆች ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኢትዮጵያ አድገው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያንም አማርኛው እንዳይጠፋባቸው ያዳምጣሉ። ከእሷ በፊት በአማርኛ የሚተላለፈው የጠፋ ፓስፖርት ማስታወቂያ ብቻ ነበርና አይፈረድባቸውም።

በ2002 ዓ.ም. በፍልሰታ ሁለተኛው እሑድ ስቱዲዮ የገባው ዮፍታሄ ግን አምስት ዘፈን አላመጣም። በያዛት ብጣሽ ወረቀት ላይ «ሦስት ዘፈን ተኩል» ብሎ ጽፏል። ሀኒ አንብባ ሳቀች፤ ተዋናይ ነውና ቀልድ መሰላት። ተኩሏ የትኛዋ እንደሆነች ስትጠይቀው፣ ሰዓቱ ሲደርስ እነግርሻለሁ አላት። ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ቴክኒሻኗ ኛንዴንግ አልሳቀችም። እሷ ተኩሏን ታውቃታለች።

ዮፍታሄን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጁባ ውስጥ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰውየው በር ላይ ሳይደርስ ድምፁ ቤት ይገባል። ተዋናይ ሆኖ ያልተጫወተው ክፉ ሰው የለም። ሙዚቀኛ ሆኖ ደግሞ በአንዲት ዘፈን ይታወቃል፣ «የባሮ ዳር ሙሽራ» በምትባለው። ሙሽራዋ አዳራሽ ስትገባ ያቺ ዘፈን ካልተከፈተች ሰርጉ ሰርግ አይመስልም። እትዬ ተሻለች ማላኪያ ሰፈር ባለው ሆቴሏ ኪቦርድ እንዲጫወት የቀጠረችው፣ ክፍልም ሰጥታ ያኖረችው በዚህችው ዘፈን ምክንያት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጾሙ ሲፈታ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው ጸጋአብ እዚያው ሆቴል ይሞሸራል። ከከተማው አዳራሽ ሁሉ ያንን የመረጠው ዮፍታሄ ራሱ ቆሞ እንዲዘፍንለት ነው።

ዮፍታሄ ደግሞ ዛሬ በሬዲዮ ሊናገር የመጣው ዘፈኗ የእሱ እንዳልሆነች ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ሀኒና ኛንዴንግ ለፕሮግራሙ ሊጋብዙት ሆቴሉ መጥተው ምግብ አዘዙ። እሱም እንግዶቹን ለማክበር «የባሮ ዳር ሙሽራ»ን ጀመረ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ፤ የሚያጨበጭበው ያጨበጭባል፣ ትከሻውን የሚንጠው ይንጣል። ኛንዴንግ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች። ዮፍታሄ ምግቡ ያልተስማማት መስሎት ዘፈኑን እንደጨረሰ ተከተላት። ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆማ አገኛት። ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ልጅ ናትና አማርኛዋ ከእሱ አማርኛ አያንስም።

«ጋሼ፣ ይሄ ዜማ የአቡክ ነው» አለችው። «ልጇ የሞተባት ጊዜ የሠራችው ነው።»

ዮፍታሄ ተቆጣ። እሱ የሠራውን ዘፈን፣ ካሴት ያወጣበትን፣ ስንት ሰው የዳረበትን ዘፈን አንዲት ትናንት የተወለደች ልጅ መጥታ የሌላ ነው ትለዋለች? ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ግን ውሸቷን እንዳልሆነ ወዲያው ስለገባው ነው። ባሮን አስታወሰ።

በ1980 ዓ.ም. ዮፍታሄ ያለበት የኪነት ቡድን ከመቱ ተነሥቶ ኢታንግ ድረስ ሄዶ ነበር። በዚያ ዘመን የኪነት ቡድን ሥራው ትርኢት ማሳየት ብቻ አልነበረም፤ በደረሰበት ሁሉ ዜማ ይሰበስባል። ዜማውን ያመጣው ሰው ግጥም ይገጥምበታል፣ ኮሚቴ ያየዋል፣ ከዚያ ባመጣው ሰው ስም ይመዘገባል። ከአጨዳ ላይ ይወሰድ ከለቅሶ ቤት፣ ባለቤቱ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «የሕዝብ ዜማ» ይባላል፣ አለቀ። ዮፍታሄ ከትርኢቱ በኋላ እግሩን ሊያፍታታ ወደ ወንዙ ሲወርድ አንዲት ረጅም ሴት ውሃው ዳር ተቀምጣ ስትዘፍን ሰማ። ዜማው ይዘላል፣ ይፈነድቃል። ዛፍ ተደግፎ ቆሞ በልቡ ይይዘው ጀመር። መሀል ላይ የቡድኑ መኪና ጥሩንባ ነፋ። አለቃቸው ኃይለመለኮት የዘገየን ሰው ጥሎ በመሄድ የታወቀ ነበርና ዮፍታሄ ሩጫውን ለቀቀው። መቱ እስኪደርሱ ሲያንጎራጉረው መጣ። ደስ የሚል ዜማ ነው፤ ደስ ካለ ለሰርግ ይሆናል አለና የሙሽራ ግጥም ገጠመለት።

የቀረውን ኛንዴንግ ነገረችው። የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። እዚያ ላይ አቡክ ልጇ ማጆክ እንዴት እንደተወለደ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲጨፍር እንዴት ከሁሉ በላይ እንደሚዘል ትናገራለች። ሁለተኛው ግማሽ መንገዱ ነው። ከቦር እስከ ኢትዮጵያ የሁለት ወር የእግር ጉዞ፣ ጥማቱ፣ ረሀቡ፣ በመጨረሻም ማጆክን ያስቀረው ወንዝ። እዚያ ስትደርስ ስሙን እየደጋገመች ትጠራዋለች። ኢታንግ የኖረ ሰው ሁሉ ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ሲሰማው ሥራውን ትቶ ዝም ይላል።

«እኛ ዘንድ ዘፈን እንደ ከብት ነው፣ ባለቤት አለው» አለችው ኛንዴንግ። «ሌላ ሰው ሊዘፍነው ይችላል፤ መጀመሪያ ግን የማን እንደሆነ ይናገራል። አንተ ሳትናገር ሃያ ሁለት ዓመት ዘፈንከው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ዮፍታሄ ኪቦርዱ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ወደዚያች ዘፈን አልሄድ አሉት። ፍልሰታ ገብቶ እትዬ ተሻለች ሙዚቃውን ስትዘጋው እፎይ አለ። አቡክ በሕይወት እንዳለች፣ ጉዴሌ ሰፈር ከወንድሟ ልጆች ጋር እንደምትኖር ከኛንዴንግ ሰምቷልና ወስዳ እንድታገናኘው ለመናት። በዝናብ ጭቃውን አቡክተው ሄዱ። ከሸምበቆው አጥር ውጭ ቆሞ ኛንዴንግ ገብታ ስታናግራት የአቡክን ድምፅ ሰማ፤ አጭር ንግግር ነበረች። ኛንዴንግ ስትወጣ አሁን አይመቻትም ብላ ልታልፈው ሞከረች። ተዋናይን በትወና ማታለል አይቻልምና ያለችውን ሁሉ ንገሪኝ አላት።

«ልጄ ላይ ያስጨፈረ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ነው ያለችው» አለችው አቀርቅራ። «ማለሽ፣ ይቅርታ ጋሼ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ሄጃለሁ፣ ለምኛለሁ፣ ከለከለችኝ ብሎ ሌሊቱን ለጥ ብሎ ይተኛል። ዮፍታሄ ግን ችኮ ነው፤ ያንን ችኮነቱን ግማሽ ዕድሜውን ለማይረባ ነገር ሲያባክነው ኖሮ አሁን የሚያውለው ቦታ አገኘ። የጨፈሩት ሰዎች ባሉበት፣ ሁሉም በሚሰሙበት እናገረዋለሁ አለ። አቡክ በሯን ትክፈት አትክፈት የእሷ ጉዳይ ነው፤ መናገሩ ግን የእሱ ጉዳይ ነው።

እትዬ ተሻለችን ከኋላዋ መምታት አልፈለገም። ጁባ በገባ በወሩ ወባ ሲጥለው ዓሥራ ሁለት ቀን ከአልጋው ሥር ያልተለየች፣ መረቅ በማንኪያ ያጠጣች ሴት ናት። ጓዳ ውስጥ ምስር ስትለቅም ሄዶ ሊያደርግ ያሰበውን ነገራት። መጀመሪያ እንደ ሕመምተኛ አየችው። ከዚያ ዜማ የሰው ርስት ነው ወይ ብላ ተከራከረችው፤ የሞተው ልጅ ነፍሱን ይማረው፣ ግን አንተ ስለተናገርክ ይነሣል ወይ አለችው፤ ጸጋአብንስ ምን ልበለው፣ ካርድ ተበትኗል አለችው። ዮፍታሄ ሁሉንም ሰማና ሐሳቡን አለመለወጡን ነገራት። ተሻለች የምስሩን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ይህን በሬዲዮ ከተናገርክ ቤቴ አትመለስም። እንደ እህት ነው ቀድሜ የነገርኩህ።»

«ገባኝ፣ እትዬ ተሻለች» አለና ወጣ። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ በሰው አገር፣ ከዚያች ክፍልና ከዚያች ዘፈን በቀር ምንም እንደሌለው እሱም አልጠፋውም።

አሁን ስቱዲዮ ውስጥ ሀኒ እንደ ልማዷ «አንቱ ልበል አንተ?» ብላ ጀመረች። እሱም አንተ ብትዪኝ ከዕድሜዬ አሥር ዓመት ይቀነስልኛል አላት። የመጀመሪያውን ዘፈን ኛንዴንግ ለቀቀችው። በቫዮሊንና በዑድ የታጀበ የድሮ የሱዳን ዜማ ነበር።

አባቱ ጎሬ ከተማ ፀጉር አስተካካይ እንደነበር ተናገረ። ሱቁ ውስጥ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ኦምዱርማን ጥርት ብሎ ይገባለታል። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሱቁ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ ደንበኛው ሁሉ ዘፈኑን ይተረጉማል። ፍቅር የያዘው ሰው ስለ ፍቅር ነው ይላል፤ በመሬት ተከሶ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ደግሞ ስለ ዳኛ ነው ይላል። አባቱ ምላጩን እየሳለ ሁሉንም ልክ ነህ ይላቸዋል። ዮፍታሄ ባለፈው ዓመት ዘፈኑን ማላኪያ ላለው ባለሱቅ ለአልአሚን አሰምቶ ምን እንደሚል ጠይቆት ነበር። ደብዳቤው ስለዘገየበት ወታደር ነው አለው።

«እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው የተበላሸሁት» አለ ዮፍታሄ። ሀኒ ሳቀች፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ገና አልገባትም።

ሁለተኛው ስለ መስኖ ቦይ ቁፋሮ የተዘፈነ የኪነት መዝሙር ነበር። ኅብረ ዝማሬው ሲጀምር ዮፍታሄ ራሱ በሳቅ ፈረሰ። ቦዩ አልተቆፈረም፤ መዝሙሩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘመረ። በዚያው መድረክ ላይ ጨካኝ ባላባት ሆኖ ሲጫወት አንዲት የበደሌ ሴትዮ በንዴት ጫማዋን ወርውራ ግንባሩን ፈነከተችው፤ ትያትሩ ሲያልቅ ደግሞ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችው። በሕይወቱ ያገኘው ትልቁ ሽልማት ያ ጠባሳ መሆኑን ተናገረ። መዝሙሩንም የሚወደው ትንፋሹን መቆጠብ የተማረው በእሱ ስለሆነ ነው፤ ግጥሙንማ የጻፈው ራሱም አይወደው።

ሦስተኛው ዘፈን ካሴት አልነበረውም። ዮፍታሄ በዝግታ አንጎራጎረው፤ ቃል የሌለው ዜማ ነው። ሚስቱ ማንያህልሻል አዲስ አበባ አብረው ሲሠሩ የቴአትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌት ማሽኑ ላይ ሆና ከንፈሯ መሀል መርፌ ስለምትይዝ ስታንጎራጉር አፏን አትከፍትም። የእሱን ካሴት ያላወደሰ ሰው በሌለበት ጊዜ እሷ አንድ ቀን መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ፣ ያቺ ወንዝ ዳር ያየሃት ሴትዮ መልኳ ምን ይመስል ነበር ብላ ጠየቀችው። አላየኋትም አላት። ማንያህልሻል ሌላ አልጠየቀችውም፤ እስክትሞት ድረስም ያንን ነገር አላነሣችም።

«ዋሽቻት ነው» አለ ዮፍታሄ ማይክሮፎኑ ላይ። «በደንብ አይቻታለሁ።»

ሀኒ ቀና ብላ አየችው። ሰዓቷ ሊያልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከፊቷ ባለው ወረቀት ላይ የፕሮግራሙ መዝጊያ «የባሮ ዳር ሙሽራ» ተብሎ ተጽፏል። ተኩሏ እሷ ትሆን እንዴ ብላ በፈገግታ ጠየቀችው።

ዮፍታሄ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ። ሌላ ሰው የጻፈለትን ቃል ሺህ ጊዜ በሰው ፊት ተናግሯል፤ የዛሬው ግን የራሱ ቃል ነው። ፈርቷል። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ተናገረ።

«የባሮ ዳር ሙሽራ የምትሏት ዘፈን የእኔ አይደለችም። ዜማውን የሠራችው አቡክ የምትባል እናት ናት። ልጇ ማጆክ ይባል ነበር፤ ከቦር ወደ ኢታንግ ሲሰደዱ ወንዝ በላው። እናቱ ያለቀሰችበትን ዘፈን እኔ ግማሹን ሰምቼ ሮጥኩና የሙሽራ ዘፈን አደረግኩት። እናንተ አላወቃችሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልዘፍነውም።»

 ሀኒ ካሴቱንስ ቢሆን እንክፈተው ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችው፤ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሬዲዮ ውስጥ ዝምታ እንደ እሳት የሚፈራ ነገር ነው፤ ኛንዴንግ ግን የምትሞላበትን ሙዚቃ አልፈለገችም፣ እጇን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ተቀመጠች። ሀኒ ሲጨንቃት የውሃ ታንከር እጥበት ማስታወቂያ አነበበች። አንብባ ሳትጨርስ የስልኩ መብራት ይበራ ጀመር።

አንዱ ደዋይ ዘፈን ሁሉ ከሆነ ቦታ የመጣ ነው፣ ምን ያካብዳል አለ። አንዷ የጸጋአብ እጮኛ አክስት ናት፤ በልጅቷ ሰርግ ላይ ሟርት አወራህ ብላ ተቆጣች። ሌላው ደግሞ የደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ ሲደርስ ከጀርባው ሆኖ እንዲህ የሚያናግረው ሰው ይኖራል ብሎ ጠረጠረ።  የመጨረሻው ሙሔ ነበር፤ ካስተም ላይ ከኡጋንዳ የሚመጣ እህል የሚያራግፍ ነጋዴ።

«ሰርጌን አበላሸህብኝ» አለ ሙሔ። «ባለቤቴ አዳራሽ የገባችው በዚያች ዘፈን ነው። አሁን ምን ልበላት?»

ዮፍታሄ እውነቱን ንገራት አለው። ሙሔ ስልኩን አልዘጋም። የሞተው ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ ጠየቀ። ዮፍታሄ ይህን አያውቅም፤ ለመጠየቅ እንኳ አለማሰቡ ከሰማው ስድብ ሁሉ በላይ አንገበገበው። ከመስታወቱ ወዲያ ኛንዴንግ የራሷን ማይክሮፎን ከፈተች።

«ሰባት» አለች።

ሙሔ ደህና ሁኑ ሳይል ዘጋ።

ዮፍታሄ ሆቴሉ ሲደርስ ሻንጣውና ኪቦርዱ ዘበኛው ዘንድ ወጥተው ጠበቁት፤ ዝናብ እንዳይነካቸው ሸራ ተደርጎባቸዋል። እትዬ ተሻለች ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ሻንጣው ላይ ግን በፌስታል የታሰረ የጾም ምግብ አስቀምጣለታለች፤ ገና ትኩስ ነበር። ዘበኛው ስለ ጸጋአብ ሰርግ ሌላ ዘፋኝ ተጠርቷል ብሎ ሹክ አለው። ዮፍታሄ ፌስታሉን ሲያይ ዓይኑ ውሃ አቀረረ፤ ኪቦርዱን ግን አነገተና ወጣ። ሲናገር ያልጸጸተው ነገር አሁንም አልጸጸተውም። በር ላይ ሆኖ የት ልሂድ እያለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሙሔ ነው። ከሆቴሉ መውጣትህን ሰማሁ፣ የእህል መጋዘኔ ውስጥ ፍራሽ አለ፣ ና አለው፤ ስለ ዘፈኑ ሌላ ቃል አላነሣም።

አራት ሌሊት በባቄላ ጆንያዎች መሀል ተኛ። ቀን ቀን ሠራተኞቹ የሙሔን ጆንያ ሲቆጥሩ አገዛቸው። ኪቦርዱን አልከፈተውም። ሐሙስ ጠዋት ኛንዴንግ በቦዳቦዳ ሞተር መጣች። የአቡክ የወንድም ልጆች ጋምቤላ ያደጉ ስለሆኑ እሑድ ሬዲዮውን ከፍተው ነበር፤ የሬዲዮ አማርኛ ስለሚፈጥንባት እሱ የተናገረውን እየተከተሉ ተርጉመውላታል። ስሟን ስትሰማ ተነሣች፤ የልጇን ስም ስትሰማ ተቀመጠች።  ትናንት ማታ ኛንዴንግን አስጠርታ መልእክት ሰጠቻት።

«ይምጣ ብላለች» አለች ኛንዴንግ። «መሣሪያ ግን ይዞ እንዳይመጣ።»

ዮፍታሄ ያን ጊዜውኑ ተነሣ። ጉዴሌ ሲደርሱ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። የሸምበቆው በር ክፍት ነበር። አቡክ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትሪ ላይ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። አርጅታለች፤ ረጅም መሆኗ ግን ተቀምጣም ይታወቃል። ሰላምታውን በአገጯ ተቀብላ አንድ ባዶ ወንበር አሳየችው። ተቀመጠ። በሕይወቱ ሁሉ አንድ ነገር ሲጨብጡ የኖሩት እጆቹ ባዶ ሆነው የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ይቅርታ ሊጠይቅ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ እሷ በአማርኛ ስትጀምር ሁሉም ከአፉ ጠፋ።

«ዘፈኑ የት ላይ ሲደርስ ነው የሄድከው?» አለችው። የስደተኛ ጣቢያ አማርኛ ነው፣ ዘገም ያለ፣ ግን ጥርት ያለ።

ዮፍታሄ ገባው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ቃል አዜመው፤ ያለ ጌጥ፣ ያለ መድረክ፣ የሰማውን ያህል ብቻ።  የማጆክ ዝላይ ላይ ሲደርስ የሚያውቀው አለቀበትና ቆመ። አቡክ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ትሪውን መሬት አስቀመጠች፤ እሱ ካቆመበትም ቀጠለች።

ዜማው ወረደ። መዝለሉን ትቶ መራመድ ጀመረ፤ ደረቱ ድረስ ውሃ የገባበት ሰው እንደሚራመድ። ከቃሉ አንድም አልገባውም፤ ስሙ ብቻ ይገባዋል። ማጆክን ስትጠራው ሁለት ጊዜ በአንድ ድምፅ አትጠራውም። አንዱ ጥሪ ከቤት ወጥቶ ለዘገየ ልጅ ነው፣ አንዱ ተኝቶ ላለ ልጅ ነው፣ አንዱን ግን ዮፍታሄ ከምን ጋር እንደሚያመሳስለው ጠፋው። አፈረ። አልቅሶ የሚቀልል ነገር ስላልሆነ አላለቀሰም፤ ኛንዴንግ ግን ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ታለቅስ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የእትዬ ተሻለች ስም ነበር። አጥፍቶት መልሶ ከተተው።

ዘፈኑ ረጅም ነበር። ሲያልቅ አቡክ ከማሰሮው ውሃ ቀድታ ጠጣች። ዮፍታሄ ዘፈን ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ የሚቸግረው ሰው አልነበረም፤ ይጨበጨባል፣ እጅ ይነሣል። አሁን ግን ተቀምጦ ቀረ። ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። 

«ያንተስ?» አለችው አቡክ።

አልገባውም። ኛንዴንግ አስረዳችው፤ የሰው ዘፈን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው የራሱን ያሰማል፣ ደንቡ ይህ ነው አለችው። ዮፍታሄ አሰበ። የሱዳኑ ዜማ የወታደሩ ነው። የቦዩ መዝሙር የኮሚቴ ነው። ቃል የሌለው ዜማ የማንያህልሻል ነው። በሃምሳ አራት ዓመቱ ከሌላ ሰው አፍ ያልወሰደው አንድ ዘፈን ቢፈልግ አጣ። ያመመው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከሆቴሉ መባረር እዚህ አጠገብ አይደርስም።

«የለኝም» አለ። «እሠራለሁ ግን።»

አቡክ ፊቱን በጥሞና መረመረችው። ሐሰት ይናገር እንደሆነ ለማየት ይመስላል። ዮፍታሄም ዓይኑን አልሰበረም።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ አራት።»

«ጊዜ አለህ» አለችው። ትሪውን ከመሬት አንሥታ በመሀላቸው አደረገች፤ እሱም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ አንሥቶ መፈልፈል ጀመረ።